መዋጮው ለግድግዳ ነው ወይስ ለፊደል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ያባቶቻችን አነጋገር መዋጮ በሚጠየቅበት ስብሰባ ሁሉ የማይቀር ነው። አነጋገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሃምሳው ሰው ሎሚውን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሸክሙ መቅለል ብቻውን አይበቃም፤ ከታሰበለት ቦታ መድረሱም ሊታወቅ ይገባል። ስለዚህ በዛሬው እሑድ አንባቢዎቻችንን አንድ ነገር ልንጠይቅ እንወዳለን። ሕዝቡ «ለትምህርት ቤት» ተብሎ ሲጠየቅ ከመቀነቱ ፈትቶ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ልጁን ማንበብ እስከ ማስቻል ይደርሳልን? ወይስ ከድንጋዩ ግድግዳና ከቆርቆሮው ጣራ ላይ ይቆማል?

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ሰሜን ሸዋ የሚመች አገር ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በብርዳሙ ደጋ ላይ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆራት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ስሟንም ያገኘችው በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን እንደ ሆነ ይነገራል። ንጉሡ ራሱ የመጽሐፍ ሰው ነበርና «መጽሐፈ ብርሃን»ን የመሰሉ ድርሰቶች በስሙ ይታወቃሉ። ከዚያ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ትገኛለች። በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ሕዝብ ለትምህርት የሚያወጣው ሀብት በየዘመኑ መልኩን ሲለውጥ ኖሯል። መጀመሪያ ቁራሽ እንጀራ ነበር፤ ቀጥሎ የመሬት ግብር፣ ከዚያም ድንጋይና ጉልበት፣ በኋላም የዘመቻ ስጦታ ሆነ። ዛሬ ደግሞ በባንክና በስልክ የሚተላለፍ ብር ነው። መልኩ ቢለዋወጥም ጥያቄው ያው አንድ ነው።

ቁራሹ የከፈለው ትምህርት

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር የትምህርት ሚኒስቴር የሚባል አልነበረም፤ በጀትም አልነበረም። ትምህርቱ ግን ነበረ። ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል መቁጠር ይጀምራል፤ ፊደሉን ሲለይ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ወላጆቹ ለየኔታ እህል ይሰፍራሉ፤ በበዓል ቀን እንጀራና ጠላ ይወስዳሉ። ትምህርቱን ለማራቅ ሲል አገሩን ለቆ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤትም ቁራሽ እንጀራ ወይም ጭብጥ ቆሎ ትሰጠዋለች።

እንግዲህ ነገሩን በሚገባ ብንመረምረው ይህ ቁራሽ ግብር ነበር። ማንም ሳያውጀው፣ ማንም በመዝገብ ሳይጽፈው በየቀኑ ይከፈል ነበር። ሦስት ጠባዮችም ነበሩት። አንደኛ፣ ትንሽና የማያቋርጥ ነበር፤ ድኻይቱ ባልቴት እንኳ ጭብጥ ቆሎ አያቅታትም። ሁለተኛ፣ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ በመካከል የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ሦስተኛ፣ ፍሬው በግልጽ ይታወቅ ነበር። ልጁ ዳዊት ደገመ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ ወላጆቹም ደግሰው የኔታን ያመሰግናሉ። መንደሩ ትምህርቱን የሚቆጥረው በዳዊት ደጋሚ ልጆቹ ልክ ነበር።

ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። ይህ ትምህርት ሴቶች ልጆችን እምብዛም አያቅፍም ነበር፤ ከብት ጠባቂው የገበሬ ልጅም ብዙ ጊዜ ከደጅ ይቀር ነበር። ከአንኮበር ግርጌ በአልዩ አምባና በአካባቢው የሚኖሩት ሙስሊሞች ልጆቻቸውን በየመስጊዱና በየሼኩ ቤት ቁርአን ያስቀሩ ነበር፤ እዚያም መምህሩን የሚያኖረው የሕዝቡ ስጦታ ነው። በሁለቱም ዘንድ ልጁ የሚያነበው ቋንቋ እናቱ የምትናገረው ቋንቋ አልነበረምና፣ አሳምሮ የሚያነብ ሁሉ ያነበበውን ያስተውላል ማለት አልነበረም።

ከሁሉም የባሰው የመጽሐፍ እጦት ነበር። በብራና የሚጻፍ አንድ ዳዊት ብዙ ቆዳና የጸሐፊውን የብዙ ወር ድካም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ አንዱን መጽሐፍ ከብቦ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1839 ክራፕፍና ኢዘንበርግ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሚሲዮናውያን ወደ አንኮበር መጥተው ነበር። ኢዘንበርግ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በተከታዩም ዓመት የአማርኛ ሰዋስው በለንደን አሳተመ። አማርኛ በማተሚያ መኪና እየተባዛ ከብዙ ሰው እጅ ሊደርስ እንደሚችል ይህ አንድ ምልክት ነበር። ይሁን እንጂ የታተመ መጽሐፍ በእያንዳንዱ የአንኮበር ልጅ እጅ እስኪገባ ድረስ ብዙ ዘመን ይቀር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱ ዛሬም አላለቀም።

ግብር፣ ድንጋይና ቆርቆሮ

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት የትምህርትን ሥራ በሰፊው ሲጀምር የገንዘብ ምንጭ መፈለግ ግድ ሆነ። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት መሠረት ሆነ። ቀድሞ በአኮፋዳ ይገባ የነበረው ስጦታ አሁን በደረሰኝ የሚሰበሰብ ሆነ ማለት ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የልጁ መማር በጎረቤት ቸርነት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ቀርቶ ሕግ ቆመለት። ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ የተለያዩት ያን ጊዜ ነው። ግብሩን የከፈለ ገበሬ ሁሉ በቀዬው ትምህርት ቤት አላየም።

በዚሁ ዘመን ሰሜን ሸዋ ለሌላው አገር የሚጠቅም ሥራ ተሠርቶበታል። በ1940ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ለገጠር የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ መምህራን በማጀቴ፣ ኋላም በደብረ ብርሃን ይሠለጥኑ ነበር። ዐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። አስተማሪው ፊደል ከማስቈጠር ሌላ ስለ ጤናና ስለ እርሻም ጥቂት የሚያውቅ፣ ከገበሬው ጋር ውሎ የሚያድር ሰው እንዲሆን ነበር የታሰበው፤ ሕዝቡም በበኩሉ ቤቱን ይሠራል፣ ቦታውን ይሰጣል። ዛሬም በከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ።

በ1950ዎቹ መጨረሻና ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት ደግሞ የስዊድን መንግሥት ገንዘብ እየሰጠ፣ ሕዝቡም ድርሻውን እያዋጣ በመላ አገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ተሠሩ። ገበሬው ድንጋይ ፈለጠ፣ አሸዋ ቆፈረ፣ በአህያው አጋዘ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ ለሠራተኛው ምሳ አቀረቡ። «ራስ አገዝ» የሚለው ቃል በየገጠሩ የተለመደው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በጉልበት የሚያዋጣውን ሰው በገንዘብ ከሚያዋጣው ማሳነስ አይገባም፤ በመኸር ወራት አንድ የሥራ ቀን ለገበሬ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ የሚያውቀው ገበሬ ነው።

ግድግዳን ልናቃልል አንፈልግም። የደብረ ብርሃን ከፍታ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጩ ሜዳውን ሲያነጣው፣ በዳስ ውስጥ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ እጁ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ቤት ያስፈልጋል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን የወረስነው አንድ ልማድ አለ። ለትምህርት መዋጮ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ግንባታ ነው። ምክንያቱም አይሰወርም። ግድግዳ ይታያል፤ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጥለታል፤ የሰጪው ስም በእብነ በረድ ይቀረጽበታል። ሦስተኛ ክፍል የደረሰች አንዲት ልጅ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ በማንበቧ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን አልሰማንም። ስለዚህም ገንዘቡ ዐይን ወደሚያየው ነገር ያደላል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማረን

ከግድግዳ ይልቅ ፊደልን ያስቀደመ አንድ ታላቅ ሥራ በአገራችን ታሪክ አለ። እርሱም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከአብዮቱ በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከመቶ 7 ያህል ብቻ እንደ ነበር ይገመት ነበር። ዘመቻው አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ አልጠበቀም። በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ቤት በታጣበትም በዛፍ ጥላ ሥር ተማረ። ተማሪውና መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ወታደሩ አስተማሪ ሆነ፤ ሕዝቡ ገንዘብ፣ ወንበር፣ ሰሌዳና ፋኖስ አዋጣ። ትምህርቱም እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ኢትዮጵያ ያገኘችው በዚህ ሥራ ነው።

የዘመቻውን ፖለቲካ ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወውና ውጤቱን እንመልከት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመቶ ስልሳ የሚበልጠው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ ቻለ ተብሎ በይፋ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተገኘው አኃዝ ግን ከመቶ 39 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 52 ያህል ሆነ። በእርግጥ መለኪያው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የዘመቻው ሪፖርትም ሳይጋነን አልቀረም ይሆናል። ቢሆንም አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ፊደል የሚረሳ ነገር መሆኑ ነው። ፊደል የቆጠረው ገበሬ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቤቱ የሚነበብ ነገር አላገኘም። መጽሐፍ የለም፤ ጋዜጣ በወር አንድ ቀን እንኳ አይደርስም። ያላረሱት መሬት እንደሚጠፍ ሁሉ ያላነበቡበት ፊደልም ይጠፋል። ከዘመቻው የምናገኘው ትምህርት እንግዲህ ሁለት ነው። ያለ ሕንፃ ማስተማር ይቻላል፤ ያለ መጽሐፍ ግን የተማረውን ማቆየት አይቻልም።

የዛሬው ሁኔታ

ዛሬ የሰሜን ሸዋ ልጅ ከአያቱ ይልቅ ለትምህርት ቤት በጣም የቀረበ ነው። በደብረ ብርሃን በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲም አለ። በር ተከፍቷል። በበሩ የገባው ልጅ ምን ይዞ ይወጣል? ጭንቀቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች ንባብ ተመርምሮ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ የሚያህሉት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ከዚያ በኋላ ባወጣው ግምት ደግሞ፣ በኢትዮጵያ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከመቶ 90 ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ይህ ድካም በታችኛው ክፍል ተዘርቶ በላይኛው ይታጨዳል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ተደናግጦ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከራከረ፤ ስለ ሁለተኛ ክፍል የተናገረ ግን ጥቂት ነው። የሚያነበውን የማያስተውል ልጅ የፊዚክስ ጥያቄ ከምን ያስተውለዋል?

በዚህ ላይ ችግሩ ተደራረበ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል በብዙ ቦታ የመማሪያ መጻሕፍት በጊዜው አልደረሱም። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ሕፃናት ዓመታት ባክነውባቸዋል። ለታችኛ ክፍሎች ንባብ ብዙ ገንዘብ ያወጣ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፈረሰ። ከውጭ የመጣ እርዳታ በውጭ ሰው ውሳኔ እንደሚቆም ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስም ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች እንዲያዋጣ ጥሪ ማቅረቡ መልካም ነው። ሕዝቡ ይሰጣል፤ መስጠትም ያውቃል። የቀረው የሚሰጠውን ወደ ፊደል ማቅናት ነው።

ለንባብ ምን ያስፈልጋል?

የአማርኛ ፊደል 33 ነው፤ እያንዳንዱ በሰባት ቤት ሲዘረዝር 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ሕፃኑ ይህን ሁሉ በዐይኑ ለይቶ፣ በአፉ ጠርቶ፣ ሳያስብበት እስኪመጣለት ድረስ መለማመድ አለበት። አንዱን ፊደል ከሌላው ለመለየት ሲደክም የሚቆይ ልጅ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል፤ ስለዚህ ፍሬ ነገሩ አይገባውም። ጥቁር ሰሌዳ ይጠፋል፤ ጠመኔውም ይተንናል። በእጁ የሚቀረው መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ለንባብ የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፤ መጽሐፍ፣ ሰዓት፣ አድማጭና ብርሃን።

መጽሐፍ ስንል የመማሪያውን ብቻ አይደለም፤ እርሱን ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው። ሕዝቡ ሊጨምር የሚችለው ትናንሾቹን የተረት መጻሕፍት ነው። ጅብና ጦጣ፣ ቀበሮና ዶሮ ያሉባቸው፣ ሥዕል ያላቸው፣ ልጁ ራሱ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፉ ይሁኑ። በአንድ ክፍል 50 ልጆች ቢኖሩና ልዩ ልዩ የሆኑ 50 መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ቢቀመጡ፣ በየሳምንቱ እየተለዋወጡ ቢያነቡ በ30 ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ 30 መጽሐፍ አነበበ ማለት ነው። ሣጥኑን የመንደሩ አናጢ ይሠራዋል።

ሰዓት የሚገኘው ርዕሰ መምህሩ ከወሰነ ነው፤ በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ሌላ ነገር የማይሠራበት የንባብ ጊዜ ቢመደብ ገንዘብ አያስፈልገውም። አድማጭም በነጻ ይገኛል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ሲያነብ ያድምጠው። በቤትም እናት ፊደል ባታውቅ ጆሮ አላት፤ «እስቲ አንብብልኝ» ብላ ከምድጃው ዳር የምታዳምጥ እናት ግማሽ አስተማሪ ናት። ብርሃን ግን ገንዘብ ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት የገጠር ቤት አንድ በፀሐይ የሚሠራ ፋኖስ የምሽቱን ሰዓት ለንባብ ይገዛል።

ሒሳቡን እንመልከተው። በአንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ 400 አባወራ አለ እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 8,000 ብር፣ በዐሥሩ የትምህርት ወራት 80,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አንድ የመማሪያ ክፍል አያሠራም፤ የተረት መጻሕፍትን ሣጥን ግን ሳይሞላ አይቀርም። ትንሽና የማያቋርጥ መዋጮ ለመጽሐፍ ይስማማል፤ ግድግዳ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠይቃል። የቆሎ ተማሪውን ያኖረው አንድ ቀን የተደገሰ ግብዣ እንዳልነበረ እናስታውስ።

የመሰብሰቢያው ወርም ይታሰብበት። ብዙ ጊዜ መዋጮ የሚጠየቀው በመስከረም፣ ልጆች ሲመዘገቡ ነው። መስከረም ግን የገበሬው ጎተራ የተሟጠጠበት፣ ደብተርና ልብስም የሚገዛበት ወር ነው። በታኅሣሥና በጥር፣ እህሉ ከአውድማ ሲገባ ቢጠየቅ ያው ሰው እጁን አያጥፍም፤ በልግ በሚበቅልበት ደጋም የበልጉ አዝመራ ይጠበቅ። ብር የሌለው አንድ ቁና ገብስ ቢሰጥ ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የኢኮኖሚ ሊቅ መሆን አያሻም፤ ገበሬውን መጠየቅ ይበቃል።

ከስጦታ ወደ ግዳጅ

መዋጮ የራሱ በሽታ አለው። በሽታውም ስጦታ ሆኖ ተጀምሮ ግዳጅ ሆኖ መቅረት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን «በፈቃደኝነት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ የተጻፈው መዋጮ፣ ምዝገባ ሲደርስ ያለ ደረሰኙ ልጅ የማያስመዘግብ ሲሆን በየጊዜው ተሰምቷል። እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው ማን ነው? ሃያ ብር የሌላት የባልቴቷ ልጅ ናት። ለንባብ በተሰበሰበ ገንዘብ ምክንያት አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት በር ብትመለስ መዋጮው የተቋቋመበትን ዓላማ ገደለ ማለት ነው።

የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ያስተምረናል። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ1963 ነጻነታቸውን ካገኙ በኋላ «ሐራምቤ» እያሉ፣ እንደኛው ደቦ ተባብረው፣ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠሩ። የሚደነቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሀብታሙ ወረዳ ብዙ፣ ድኻው ጥቂት አገኘ፤ ሕንፃው ተሠርቶ መምህርና መጽሐፍ የጎደለበትም ነበር። እያደርም ሐራምቤ ፖለቲከኞች ስማቸውን የሚያስጠሩበት መድረክ ሆነ፤ ሹማምንትም ሕዝቡን ያስጨንቁበት ጀመር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ የመንግሥት ባለሥልጣን በሥልጣኑ ተጠቅሞ ሐራምቤ እንዳይሰበስብ ተከለከለ። መልካም ልማድ በሕግ እስኪገታ ድረስ መበላሸቱ ያሳዝናል።

መድኃኒቱ ከሩቅ አይመጣም፤ በየመንደራችን ያለው እድር ያውቀዋል። የእድር ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያነባል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ዳኛው ይሰማል። ዐቅም ያጣውን ጎረቤት ሳያሳፍሩ የሚያልፉበት ዘዴም አላቸው። የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት እንደ እድሩ ቢሠራ፣ ገቢውና ወጪው በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ለመስጠት የሚያመነታ ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ሒሳቡን ቆሞ የሚያነብለት ደግሞ የራሱ ልጅ ቢሆን ምን ያህል ደስ ባለው!

ከሩቅ የመጣ ሰጪ

ስለ ሰጪዎች ስንናገር በውጭ አገር የሚኖሩትን ወገኖቻችንን መርሳት አይገባም። ከእነርሱም መካከል አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሊጠቀስ የሚገባው ሰው ነው። ተሰዶ አሜሪካ ከገባ በኋላ በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ። በዚያም የብዙ አገር ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲያገኙ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ግን እንደሌለ አየ። የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሞ ገቢውን ለቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በሐዋሳ በኩል ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ወደ ልጆቹ እንዲሄድ ተደረገ። ያቋቋመው ድርጅት በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት አደራጅቷል።

ይህ ሰው ከሌሎች ሰጪዎች የሚለይበት ነገር ግልጽ ነው። ሕንፃ አላስቀደመም። የመጀመሪያው መነሻ አንድ ተረት ነበር፤ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ከዚያም መጽሐፉ የሚቀመጥበት ክፍል መጣ። አህያ ደግሞ በአንኮበር ዳገት አልጠፋችም። ድንጋይ ተሸክማ ትምህርት ቤት ያሠራች አህያ መጽሐፍ ብትሸከም ሸክሙ አይከብዳትም።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት

ተማሪዎች ሆይ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደንብ ነበር፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። ያ ደንብ ዛሬ የለም። ደንቡ ባይኖርም የክረምቱ ወራት አሉ። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ቀዬው የሚመለስ ተማሪ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ዐሥር ልጆችን ሰብስቦ ቢያስነብብ ክረምቱ በከንቱ አላለፈም። የምታዋጡት ብር ከሌላችሁ የምታዋጡት ጆሮ አላችሁ።

በወረዳና በቀበሌ የተሾማችሁ ወጣቶችም፤ በእጃችሁ ያለው ብዕር ብዙ ሊሠራ ይችላል። በየዓመቱ መጨረሻ የምትጽፉት ሪፖርት «ይህን ያህል ክፍል ተሠራ፣ ይህን ያህል ብር ተሰበሰበ» የሚል ዐምድ አለው። ከእርሱ ቀጥሎ አንድ ዐምድ ጨምሩበት፤ «ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ገጽ አንብበው የተረዱት ስንት ናቸው?» የሚል ይሁን። ለማወቅም ከባድ ምርመራ አያሻም። አንድ የተረት መጽሐፍ ይዛችሁ ወደ ክፍሉ ግቡ፤ ልጆቹን ተራ በተራ አስነብቡ፤ ምን እንደ ተረዱ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ጻፉ። መጀመሪያ የሚገኘው ቁጥር ሊያሳፍር ይችላል። አትደብቁት። አዋጪው ሕዝብ በስብሰባው ላይ ይስማው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስንት እንደ ተጨመረበት ይስማ። ያን ጊዜ አንዲት ባልቴት ሃያ ብሯን ስትሰጥ ምን እንደ ገዛችበት ታውቃለች።